ስለ ቀድሞ የጦር አውሮፕላኖችና ስለሚጠብቋቸው ቤተ ሰቦች



በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገለ ሰው አንድ ነገር ሳይማር አይቀርም፤ ይኸውም ዕቃ ብቻውን ምስክር አለመሆኑ ነው። ጠመንጃም ቢሆን፣ የተሰበረ ቍልፍም ቢሆን፣ ደም የነካው ልብስም ቢሆን፣ በኤግዚቢትነት ቍጥር ተሰጥቶት በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን የማን እንደ ነበረና ምን እንደ ተሠራበት የሚናገርለት ሰው ካልተገኘ ዝም ብሎ አቧራ ይለብሳል። የሚያውቀው ሰው ቀርቦ በተናገረለት ጊዜ ግን ያ ድዳ ብረት አንደበት እንዳገኘ ይሆናል፤ ዳኛውም ጆሮውን ይሰጠዋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ላጫውታችሁ ያሰብሁት፣ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ወደ ትናንሽ የአውሮፕላን ሜዳዎች እየሄዱ የቀድሞ የጦር አውሮፕላኖችን ስለሚመለከቱበት ልማድ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ አገር በጋ በሆነበት ወራት፣ ከእኅቴ ልጅ ጋር አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ሥራ ስለ ዋልሁ፣ ጨዋታው የቤተ ሰብን ነገር የሚነካ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ጽሕፈት የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ፣ ለይቼ ካልገለጽሁት በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ልማዱ እንዲህ ነው። ተመልካቹ መነጽርና ትንሽ ደብተር ይዞ በሜዳው አጥር አጠገብ ይቆማል። አውሮፕላን ሲነሣ ወይም ሲያርፍ ባየ ጊዜ ዓይነቱን፣ በጐኑ ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቍጥር፣ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። እያንዳንዱ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ የራሱ መለያ ቍጥር አለው። ስለዚህ ቍጥሩን በትክክል የጻፈ ሰው፣ ያ አውሮፕላን የት እንደ ተሠራ፣ በየትኛው ስኳድሮን እንዳገለገለ፣ መጨረሻውም ምን እንደ ሆነ ከመዛግብት ሊመረምር ይችላል።

ይህን ጥበብ ሥራ የፈታ ሰው ብቻ የሚይዘው አድርጎ መቍጠር አይገባም። በ1925 በእንግሊዝ አገር የተመልካቾች ጓድ የተባለ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ባለ ሱቁ፣ የዕለት ሥራውን ሲፈጽም በየኮረብታው ላይ እየቆመ ሌሊትና ቀን ሰማዩን ይጠብቅ ነበር፤ የሚያልፈው አውሮፕላን የወገን ይሁን ወይም የጠላት ከቅርጹና ከድምፁ ለይቶ በቴሌፎን ያስታውቅ ነበር። ስለ ሠሩት መልካም ሥራ በ1941 ጓዱ «ንጉሣዊ» የሚል የክብር ስም ተሰጠው። እንግዲህ ያን ጊዜ ዓይነቱን ለይቶ ማወቅ ጨዋታ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት የሚያድን ዕውቀት ነበር።

ለመለየትም አራት ነገሮችን ማስተዋል ይበቃል። መጀመሪያ የክንፉን ብዛት፣ ሁለተኛ የሞተሩን ብዛት፣ ሦስተኛ የክንፉን ቅርጽ፣ አራተኛ የጭራውን አሠራር። ግላዲያተር የሚባለው አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ የተደረበ ባለ ድርብ ክንፍ ነው። ስፒትፋየር ክንፉ ስስ ሆኖ እንደ ቅጠል እየሞጠጠ የሚሄድ ነው። ሃሪኬን ወፍራም ክንፍ ያለውና ጀርባው ጐበጥ ያለ ነው። ላንካስተር አራት ሞተር አለው፤ በጭራውም ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ሞላላ ሰሌዳዎች ቆመዋል። ይህን ያህል ያወቀ ልጅ በሜዳው ዳር ከሽማግሌዎች ጋር ለመነጋገር አያፍርም።

ወደ ጕዞው ከመግባቴ በፊት ግን ጕዞው እንዴት እንደ ተፈቀደ መንገር አለብኝ። ታናሽ እኅቴ ከባልዋና ከልጅዋ ጋር በሎንዶን ከተማ ትኖራለች። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ይህን የደብተር ነገር ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ለምዶ፣ እኔ ለጥየቃ በሄድሁ ጊዜ «አጎቴ፣ አብረን እንሂድ» እያለ ለመነኝ። እናቱ ግን ፊቷ ጠቈረ። «ወንድም ጋሼ፣ የጦር አውሮፕላን ምኑ ይታያል? እማማ የነገሩንን እርስዎ ረሱት ይሆን?» አለችኝ።

እማማ የምንላቸው አያታችን የደሴ ተወላጅ ነበሩ። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደ አገራችን አቈጣጠር፣ ይኸውም በፈረንጆች ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ ደሴን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያ ቀን ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ ሆስፒታሉ እንኳ አልተማረም። በዚያው ጦርነት የጣልያን አውሮፕላኖች የሚያቃጥለውን መርዝ በወታደርና በገበሬ ላይ ማፍሰሳቸውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አያታችን ያን ቀን በቃላቸው ብዙ አይናገሩትም ነበር። ነገር ግን እስካረፉበት ዕለት ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቍጥር በአጠገባቸው ያለውን ልጅ ሁሉ እየጐተቱ ከቀሚሳቸው ሥር ያስገቡት ነበር። እኔና እኅቴ ከዚያ ቀሚስ ሥር ስንት ጊዜ እንደ ገባን አይቈጠርም። የሚያልፈው የመንገደኛ አውሮፕላን መሆኑን ብንነግራቸው እንኳ «ይለፍ፤ ከዚያ ትወጣላችሁ» ይሉ ነበር።

እኅቴ በመጨረሻ ፈቀደች፤ ግን ቃል አስገብታ ነው። «ልጁ ሲጠይቅዎ ነገሩን አሳምረው እንዳይነግሩት። የሆነውን እንደ ሆነ ይንገሩት» አለችኝ። እኔም እሺ አልሁ። ዳቦ ቈሎና የፔርሙስ ሻይ ሰንቃልን ቅዳሜ በማለዳ ተነሣን።

መጀመሪያ የደረስነው ከሎንዶን በስተ ሰሜን በቤድፎርድሺር አውራጃ ከሚገኘው ኦልድ ዋርደን ከሚባል መንደር ነው። የአውሮፕላኑ ሜዳ ሣር ነው፤ አስፋልትም ሲሚንቶም የለበትም። በዙሪያው ዛፍና እርሻ አለ። በሜዳው ዳር በተሠሩት አዳራሾች ውስጥ የሻትልወርዝ ስብስብ የሚባሉት የቀድሞ አውሮፕላኖች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም እስከ ዛሬ የሚበሩ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው በ1909 የተሠራው ብሌሪዮ ነው። ሉዊ ብሌሪዮ የተባለው ፈረንሳዊ በዚያው ዓመት በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር የተሻገረው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። እንጨትና ሸራ፣ በሽቦ የተወጠረ፣ ከዛሬ ብስክሌት ብዙም የማይከብድ የሚመስል ነገር ነው። ነፋስ ፈጽሞ ጸጥ ካላለ አያስነሡትም። ከእርሱ ቀጥሎ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሞተራቸው ከውልብልቢቱ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ስለ ሆነ፣ የሚቀቡት በጉሎ ዘይት ነው። ሞተሩ ሲነሣ የተቃጠለው የጉሎ ዘይት ሽታ ሜዳውን ሁሉ ይሞላዋል። የእኅቴ ልጅ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን በልጅነታችን ምጣድ ሲሰነግ የሚሸተውን አስታወሰኝ።

በዚያው ረድፍ ኤስ ኢ 5 ኤ የሚባል አንድ ትንሽ ተዋጊ ቆሟል። ይህ አውሮፕላን ኖቬምበር 10 ቀን 1918 አንድ የጀርመን አውሮፕላን ጥሏል። ጦርነቱ የቆመው በማግስቱ ነው። ልጁ ይህን በሰማ ጊዜ «አንድ ቀን ብቻ ቢታገሥ ኖሮ?» አለ። እኔም «አዎን፤ አንድ ቀን» አልሁት፤ በደብተሩም ቀኑን ጻፈ።

ግላዲያተሩንም በዚያ አየነው። በ1937 የእንግሊዝ አየር ኃይል ሥራ ላይ ያዋለው፣ የድርብ ክንፍ ተዋጊዎች መጨረሻ የሆነ አውሮፕላን ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ዓይነት እንግዳ አይደለም። በ1940ና በ1941 የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ስኳድሮን አብራሪዎች ከሱዳን እየተነሡ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ከጣልያን ተዋጊዎች ጋር ይዋጉ ነበር። በዚያም ዘመቻ አገራችን በ1941 ከጠላት ነፃ ወጣች። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ በዚያ ክንፍ ሥር አቁሜ፣ ቅድመ አያቱን ያስፈራው ከሰማይ እንደ መጣ፣ ካገዟቸውም አንዱ ከሰማይ እንደ መጣ ነገርሁት።

ይህን ሁሉ ማን ሰበሰበው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቦታው ጌታ ሪቻርድ ኦርሞንድ ሻትልወርዝ በ1909 ተወለደ፤ ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ የሞቱት እርሱ ገና ሕፃን ሳለ በ1913 ነው፤ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ ዶሮቲ ክሎቲልዳ ሻትልወርዝ ናቸው። ሲያድግ ሞተር የሚባለውን ነገር ሁሉ ወደደ። በ1935 በዶኒንግተን በተደረገው የታላቅ ሽልማት የመኪና እሽቅድምድም አሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ አፍሪካ ሲወዳደር ክፉኛ ቈሰለ፤ ቢሆንም ተረፈ። ሰው የጣለውን አሮጌ አውሮፕላን እየገዛ ያድስ የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። ጦርነት ሲመጣ በአየር ኃይል ገባ። ኦገስት 2 ቀን 1940 ለልምምድ በሌሊት ሲበር አውሮፕላኑ ወድቆ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ባልዋ የሞተባት፣ አንድ ልጅዋም የሞተባት እናት ምን ታደርጋለች? አውሮፕላን የሚባለውን ነገር ሁሉ ጠልታ፣ በአዳራሹ ያለውን በእሳት ብታቃጥለው ማን ይፈርድባታል? ወይዘሮ ዶሮቲ ግን ትልቁን ቤታቸውን ለቈሰሉና ለታመሙ አየር ወታደሮች ማገገሚያ ሰጡ። ጦርነቱም ሳያልቅ በ1944 በልጃቸው ስም የመታሰቢያ ማኅበር አቋቋሙ፤ ወጣቶች የአውሮፕላንን ጥበብ፣ እርሻንና የደን ልማትን እንዲማሩበት ርስታቸውን መደቡ። እስከ ሞቱበት እስከ 1968 ድረስ የልጃቸው ዕቃ ሲታደስና ሲበር አይተዋል። ዛሬ በዚያ ሜዳ የሚበርረው ሁሉ የአንዲት እናት ኀዘን ያቈየው ነው።

ከቀትር በኋላ መንገዳችንን ወደ ሰሜን ቀጠልን፤ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘን ወደ ሊንከንሺር አውራጃ ደረስን። ይህ አገር ሜዳማ ስለ ሆነ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ማረፊያዎች የተሠሩበት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ተመልሰው እርሻ ሆነዋል፤ ስንዴ በበቀለበት መካከል የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ብቅ ይላል።

በመንገዳችን ላይ ኮኒንግስቢ ከምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ዐረፍን። የቤተ ክርስቲያኗ ግንብ ትልቅ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱም አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመስ ሰው ነኝና ጥላን እየሰፈሩ ሰዓት ማወቅን አልረሳሁም፤ ልጁን ግን አንዱን እጅ አይቶ ሰዓቱን እስኪነግረኝ ድረስ አስጨነቅሁት። ከከተማዋ አጠገብ ባለው የአየር ኃይል ሰፈር የዘመናችን ፈጣን ተዋጊዎች ይነሣሉ፤ በዚያው ሰፈር በ1957 የተቋቋመው፣ ስፒትፋየር፣ ሃሪኬንና አንድ ላንካስተር የያዘው የመታሰቢያ በረራ ክፍል ይኖራል። ከአጥሩ ውጭ ሰዎች መነጽር ይዘው ቆመው ነበር። ከእነርሱ አንድ ሽማግሌ፣ በሜይ 2024 ከዚሁ ክፍል አንድ ስፒትፋየር ወድቆ አብራሪው የሞተበትን ሜዳ በእጃቸው አመለከቱን። ዕቃን ለመታሰቢያ ማብረር ዛሬም ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ከዚህ ተረዳን። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን።

ከዚያ ጥቂት አልፎ ኢስት ከርክቢ የሚባለው ሜዳ አለ። በ1943 የተከፈተ ሲሆን፣ 57ኛና 630ኛ የሚባሉት ስኳድሮኖች ላንካስተሮቻቸውን ይዘው ከዚህ ይነሡ ነበር። ዛሬ በዚያ የሚታየው የአንድ ቤተ ሰብ ሥራ ነው። ፍሬድና ሃሮልድ ፓንተን የሚባሉ ወንድማማች ገበሬዎች ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ክሪስቶፈር በሃሊፋክስ አውሮፕላን ላይ ሞተሮቹን የሚቈጣጠር መሐንዲስ ነበር። ከማርች 30 እስከ 31 ቀን 1944 በነበረው ሌሊት 795 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ወደ ጀርመን ከተማ ወደ ኑረምበርግ ሄዱ፤ 95ቱ አልተመለሱም። በዚያች አንዲት ሌሊት ከ500 በላይ ወጣቶች ሞቱ፤ ክሪስቶፈርም አንዱ ነበር፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የተቀበረውም በጀርመን አገር ነው።

ወንድሞቹ አደጉ፤ ለዶሮ እርባታ ብለው የቀድሞውን የአውሮፕላን ሜዳ መሬት ገዙ። በ1983 አንድ ላንካስተር ገዙ፤ በ1988 ከሜዳው አመጡት። የፈረሰውን የመቈጣጠሪያ ግንብ አደሱ፤ ቦታውንም ለወንድማቸውና ከእርሱ ጋር ለሞቱት ሁሉ መታሰቢያ አደረጉት። ባለ ሥልጣን አላዘዛቸውም፤ ዶሮ የሚያረቡ ሁለት ገበሬዎች ናቸው ያደረጉት።

አውሮፕላኑ ከአዳራሹ ወጥቶ በሲሚንቶው ላይ ቆሞ ነበር። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31 ሜትር ነው፤ ከሥሩ ለሌሊት ተብሎ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ሰባት ሰዎች ይሳፈሩበት ነበር። ልጁ ቍጥሩን፣ ኤን ኤክስ 611 ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ። ከዚያ ብርሳሱን አንሥቶ ያን የምጠብቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ ይህ አውሮፕላን ስንት ሰው ገደለ?»

በሰሌዳው ላይ ታሪኩ ተጽፎ ስለ ነበር አነበብሁለት። ይህ አውሮፕላን የተሠራው በኤፕሪል 1945 ነው፤ ለሩቅ ምሥራቅ ጦርነት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሳይዘምት ጦርነቱ አለቀ። በ1952 ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ተሸጠ፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ እስካለችው እስከ ኒው ካሌዶንያ ደሴት ድረስ አገለገለ፤ በ1965 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። «ስለዚህ ይህኛው በጦርነቱ ማንንም አልገደለም» አልሁት። የልጁ ፊት በራ።

እዚህ ላይ ብንተወው ቀኑ በደስታ ባለቀ ነበር፤ ነገር ግን ለእናቱ የገባሁት ቃል አለ። ስለዚህ በሣሩ ላይ አስቀምጬ የቀረውን ነገርሁት። ላንካስተር 7,377 ተሠርቷል። ከዚህ ከተቀመጥንበት ሜዳ የተነሡት ቦምብ ጭነው ሄደው ጥለዋል። ከታች ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ነበረ፤ ከታች ደግሞ ቤት ነበረ፤ በቤቱም ውስጥ እናቶችና ልጆች ነበሩ። በ1943 በሐምሌ በሃምቡርግ ከ30,000 በላይ ሰው ሞተ፤ በየካቲት 1945 በድሬዝደን ወደ 25,000 የሚሆን ሰው ሞተ። ይህን አልሸሸግሁትም። ደግሞም እነዚያ አብራሪዎች ሁሉ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ መሆናቸውን፣ አብዛኞቹም ከሃያ አምስት ዓመት በታች እንደ ነበሩ፣ ወደ 125,000 ከሚሆኑት የቦምብ ጣይ ክፍል በራሪዎች 55,573ቱ መሞታቸውን፣ የሚዋጉትም ሕዝብን በዘሩ እየለየ ከሚፈጅ መንግሥት ጋር እንደ ነበረ ነገርሁት።

ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቈየ። ከዚያ «እንግዲያውስ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለኝ።

«ልጄ» አልሁት፤ «እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ጸሓፊ ነኝ። የጸሓፊ ሥራ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳያጐድል መጻፍ ነው። አንዱን ወገን ጽፎ ሌላውን የተወ መዝገብ ለፍርድ አይበቃም። አንተም በደብተርህ ሁለቱን ጻፍ፤ ስታድግ ራስህ ትፈርዳለህ።»

በዚያን ጊዜ ሞተሮቹን አስነሡ። ይህ ላንካስተር ዛሬ አይበርም፤ ወደ በረራ ለመመለስ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ በተወሰኑ ቀናት ግን በራሱ ሞተር በሜዳው ላይ ይሄዳል። አንዱ ሞተር፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተነሣ። ድምፁ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ በእግር ሥር ከመሬት ይመጣል፤ ደረትን ይመታል። ሣሩ ተኛ። ተመልካቾቹ በደስታ እጃቸውን አነሡ። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ ልጁን ወደ ራሴ ስስበው፣ በኮቴም ስሸፍነው አገኘሁት። ማን እንዳስተማረኝ ወዲያው ገባኝ። ልጁም አልተቃወመኝም፤ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ከኮቴ ሥር ቆመ፤ ከዚያ ወጣ።

ማታ ሎንዶን ስንገባ እኅቴ ደብተሩን ተቀብላ አነበበችው። ልጁ በየቍጥሩ ትይዩ ስም ጽፎ ነበር። ከኦልድ ዋርደን አጠገብ «ሪቻርድ፣ 31 ዓመት፤ እናቱ ዶሮቲ» ይላል። ከኢስት ከርክቢ አጠገብ «ክሪስቶፈር፣ 19 ዓመት፤ ወንድሞቹ ፍሬድና ሃሮልድ» ይላል። ከእርሱ በታች ደግሞ «ሃምቡርግ፤ ስማቸውን አላውቅም» ብሎ አንድ መስመር ባዶ ትቶ ነበር። ከዚያ በታች «ደሴ» ብሎ ጽፎ፣ እናቱን ቀና ብሎ እያየ «የቅድመ አያቴን ስም በሙሉ ንገሪኝ» አላት። እኅቴ ስማቸውን እስከ አባታቸው አባት ድረስ ነገረችው፤ እርሱም ጻፈ። ልጅዋ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ከአፍዋ ያልሰማውን የደሴን ቀን፣ የቀሚሱንም ነገር፣ ራስዋ አጫወተችው። እኔ ሻዬን ይዤ ዝም ብዬ አዳመጥሁ።

እንግዲህ በእንግሊዝ አገር የምትኖሩ ወይም ለጥየቃ የምትሄዱ አንባቢዎች፣ ልጆቻችሁ ይህን ሜዳ ማየት ቢሹ አትከልክሏቸው። አስቀድማችሁ ቦታው የሚከፈትበትን ቀንና ሞተር የሚነሣበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ሁልጊዜ አይደለምና። በሣር ሜዳ የሚበሩት አሮጌዎቹ ነፋስ ባለ ቀን ስለማይነሡ፣ ጸጥ ያለ ቀን ምረጡ፤ ወደ ማታ ገደማም ቈዩ፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ይተኛልና። ለሕፃናት የጆሮ መሸፈኛ ያዙ። የዝናብ ልብስ አትርሱ፤ የዚያ አገር ሐምሌ እንኳ አይታመንም። በየአዳራሹ ያሉት በነፃ የሚያገለግሉ ሽማግሌዎች ጥያቄ ይወዳሉ፤ ልጆቻችሁ ሳይፈሩ ይጠይቋቸው። ጊዜ ቢተርፋችሁ በሊንከን ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመውን የቦምብ ጣይ በራሪዎች መታሰቢያ እዩ፤ ዐምዱ ልክ እንደ ላንካስተር ክንፍ 31 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ባሉት ግድግዳዎችም ወደ 58,000 የሚጠጋ ስም ተቀርጿል።

ደብተሩን ስትገዙላቸው ግን ለቍጥሩ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ስም ስፍራ አስምሩበት። አውሮፕላኑን ማን ሠራው፣ ማን በረረበት፣ ማን ሞተበት፣ ከሥሩስ ማን ነበረ ብለው ይጻፉ። የማይታወቀውንም ስም ባዶ መስመር ይተዉለት። በየቤታችሁ ካለው ነገር፣ ከአባታችሁ ጐራዴም ቢሆን ከአያታችሁ ነጠላ፣ የማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት ሳለ ዛሬ ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ አኑሩት። ነገ የሚናገርለት አይገኝ ይሆናል።